ስለ ኮሮኖይድ ስብራት አከፋፈል አጭር ሒስ

ክርን ተሰብሮ መገጣጠሚያውም አብሮ የወለቀ እንደ ሆነ፥ ዋናው ጥያቄ «ወደ ቦታው ከተመለሰ በኋላ ይጸናልን?» የሚል ነው። ሪጋንና ሞሪ በ1989 (እ.ኤ.አ.) ያወጡት አከፋፈል ለዚህ የሚሰጠውን መልስ እንመርምር።

ኮሮኖይድ ከኡልና አጥንት ወደ ፊት የወጣ ጉጥ ሲሆን፥ ኡልና ከላይኛው የክንድ አጥንት ወደ ኋላ እንዳያመልጥ ይገታል። ሁለቱ ሊቃውንት ስብራቱን በቁመት ለይተው ሦስት ደረጃ አደረጉት፤ ጫፉ ሲሰበር አንደኛ፥ እስከ እኩሌታው ሁለተኛ፥ ከዚያ ሲያልፍ ሦስተኛ። በጎን ራጅ ስለሚነበብ ለተማሪ ቀላል ነው፤ ይህን ምስጋና አንነፍገውም።

ነገር ግን ትንሽ ስባሪ ሁሉ ትንሽ ጉዳት አይደለም። ሆችኪስ በ1996 «አስፈሪው ሦስትዮሽ» ባለው ጉዳት ክርኑ ይወልቃል፥ የራዲየስ ራስና ኮሮኖይድም ይሰበራሉ። የኮሮኖይዱ ስባሪ ብዙውን ጊዜ ከእኩሌታው በታች ነው፤ የውጪው ጅማት ግን ተነቅሏል። ኦድሪስኮልና ባልደረቦቹም በ2003 ጫፍ፥ የፊት ውስጠኛ ገጽ፥ መሠረት ብለው በስፍራ የለዩት ቁመት ብቻውን ስላልበቃ ነው።

ይህ ሲቲ ስካን ይሻል ይባል ይሆናል። እውነት ነው፤ ሆኖም ራጅ ብቻ ያለው ሐኪም ይበልጥ ሊጠራጠር ይገባዋል እንጂ በቁጥሩ ሊጽናና አይገባውም። «አንደኛ ደረጃ ነው» ተብሎ በጀሶ ብቻ የታሰረ ክርን እንደገና ሊወልቅ፥ ለብዙ ሳምንት የታሰረም ሊደርቅ ይችላል፤ ለዕለት ሥራ ግን ከ30 እስከ 130 ዲግሪ መታጠፍ ያስፈልገዋል። ስለዚህ ከቁመቱ አስቀድሞ ስፍራውና ጅማቱ ይመርመር እንላለን።