ማስታወቂያና ዕለቱ

በዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ የሚነገር ነገር ሁሉ ለብዙ ዘመን ማኅተም ባረፈበት ወረቀት ተጽፎ በሰሌዳ ላይ ሲለጠፍ ኖሮ፣ ዛሬ በሬጅስትራር ደጃፍ፣ በቤተ መጻሕፍት መግቢያና በምግብ አዳራሽ ግድግዳ በተሰቀሉ ስክሪኖች መነገር ጀምሯል፤ እኔም ይህን አገልግሎት ተረክቤ ስሠራ ከሁሉ አስቀድሞ የተማርሁት፣ የዚህ ሙያ ጥበብ ማስታወቂያን ከማውጣት ይልቅ በጊዜው በማውረድ ላይ የጸና መሆኑን ነው።

በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ስንክሳር ሲነበብ የትናንቱ እንደማይደገም፣ የነገውም እንደማይቀድም፣ ዕለቱም የራሱን ንባብ ብቻ እንደሚቀበል ሁሉ፣ የግቢ ስክሪንም ለዕለቱ የሚገባውን ብቻ ሊናገር ይገባዋል። ስለዚህ ከየክፍሉ የሚመጣልኝን ማስታወቂያ የምቀበለው፣ ኃላፊነቱን የሚወስደው ማን እንደ ሆነ፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሚታይና መቼ እንደሚያበቃ ተጽፎ ሲቀርብልኝ ነው፤ የማብቂያው ሰዓት ሲደርስም ሶፍትዌሩ ማንንም ሳይጠይቅ ያወርደዋል። የምዝገባው ቀን ካለፈ ከሳምንት በኋላ «ተመዝገቡ» የሚል ጽሑፍ ያነበበ ተማሪ፣ ከዚያ ወዲያ የሚወጣውን ሁሉ ቀና ብሎ ማየት ይተዋልና።

ሁለተኛው ነገር የአንባቢውን ሁኔታ ማወቅ ነው። የመጽሐፍ አንባቢ ተቀምጦ ያነባል፤ የስክሪን አንባቢ ግን መንገደኛ ነው። አሥር ማስታወቂያ እያንዳንዱ 12 ሴኮንድ እየቈየ ቢፈራረቅ ዙሩ 2 ደቂቃ ይፈጃልና፣ በደጃፍ የሚያልፈው ተማሪ ከአሥሩ አንዱን ወይም ሁለቱን ቢያገኝ ነው፤ ስለዚህ በመግቢያው በር ጥቂቱንና አስቸኳዩን፣ ሰልፍ በሚረዝምበት በምግብ አዳራሽ ደግሞ ሰፋ ያለውን ማኖር ይገባል። የፊደሉም ቁመት ለእያንዳንዱ 3 ሜትር ርቀት 2.5 ሴንቲሜትር ያህል ቢሆን ዐይን ሳይደክም ያነበዋል።

የባሕር ማዶ ባለሙያዎች አንድ ገጽ ሦስት መስመር በአምስት ቃል፣ ወይም አምስት መስመር በሦስት ቃል እንዲሆን ይመክራሉ፤ ዳሩ ግን አማርኛ ባለቤቱን፣ ተሳቢውንና አሉታውን በአንድ ግሥ ጠቅልሎ የሚናገር ልሳን ስለ ሆነ፣ ቃሉ በቍጥር ሲያንስ በርዝመት ይበልጣል፤ እኔም ቃል መቍጠሩን ትቼ የመስመሩን ስፋት እለካለሁ። ደግሞም ቡን ከቢ፣ ዱን ከዲ የምትለየው በወገብ ወይም በእግር የምትወጣ ትንሽ ጭረት በመሆኗ፣ ፊደሉ የቀጠነ እንደ ሆነ ይህች ጭረት ከሩቅ አትታይምና፣ ወፈር ያለውንና ክፍተቱ የሰፋውን ቅርጽ እመርጣለሁ። ፊደላችን እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ በዩኒኮድ ውስጥ የጸና ስፍራ ቢኖረውም፣ ጽሑፉን ወደ ስክሪኑ የሚልከው ማጫወቻ መሣሪያ የግዕዝ ፎንት ካልተጫነበት ባዶ ሳጥን ይደረድራልና፣ ስክሪኑ ከመሰቀሉ በፊት ይህን መመርመር ግድ ነው።

ስለ ሰዓት ብርቱ ጥንቃቄ ያሻል። ኮምፒዩተሩ ከእኩለ ሌሊት ሲቈጥር እኛ ከንጋት እንቈጥራለን፤ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እንዲወጣ የታዘዘ ማስታወቂያ በመሣሪያው ላይ 2 ተብሎ ቢመዘገብ፣ ግቢው ሁሉ በተኛበት ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ይወጣል። ስለ ፈተና ሲነገርም «8 ሰዓት» ብቻ ማለት ለአገሩ ተማሪ ከቀትር በኋላ፣ ለባሕር ማዶ መምህር ግን ማለዳ ነውና፣ «ከቀኑ 8 ሰዓት» ብዬ ጽፌ በሥሩ በውጭው አቈጣጠር 14:00 መሆኑን እጨምራለሁ። መብራት ጠፍቶ ሲመለስም ማጫወቻው ሰው ሳይነካው እንዲነሣ፣ ኢንተርኔት ሲቋረጥም በራሱ ውስጥ ያኖረውን እያሳየ እንዲቀጥል ሆኖ መሰናዳት አለበት።

ይህ ሁሉ ትጋት ለጥቃቅን ነገር የዋለ የሚመስለው ሰው ቢኖር፣ በአሜሪካ በቨርጂንያ ቴክ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2007 የሆነውን ያስብ፤ 32 ሰዎች በተገደሉበት በዚያ ቀን፣ ከመጀመሪያው ተኩስ በኋላ ለግቢው ማኅበረሰብ የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ በኢሜይል የተላከው ከሁለት ሰዓት በላይ ቈይቶ ነበር። በማግሥቱ ዓመት የወጣው የአገሪቱ የከፍተኛ ትምህርት ሕግ፣ ዩኒቨርሲቲዎች አስጊ አደጋ መኖሩን እንዳረጋገጡ ሳይዘገዩ እንዲያስጠነቅቁ ግዴታ ጣለባቸው፤ ድምፅ ለማይሰሙ ወገኖች ጭምር የሚደርሰው ስክሪንም በብዙ ግቢዎች ከዚሁ ተግባር ጋር ተያይዟል። ነገር ግን ስክሪን በመከራ ቀን የሚታመነው በሰላሙ ቀን እውነትን ሲናገር የኖረ እንደ ሆነ ነው።

ስለዚህ ስክሪን ለመግዛት የሚያስብ ተቋም ሁሉ፣ ስለ ዋጋውና ስለ ስፋቱ ከመምከሩ አስቀድሞ፣ በየማለዳው እያንዳንዱን ማስታወቂያ አንብቦ «ይህ ዛሬም እውነት ነው» ብሎ የሚመሰክር አንድ ሰው ይሹም፤ ለዚያም ሰው ጊዜው ያለፈበትን ጽሑፍ፣ የላከው ባለሥልጣን ማንም ቢሆን፣ የማውረድ ሥልጣን ይስጠው።