ሰዓት የተገጠመለት ፕሮፔለር

የአንደኛው የዓለም ጦርነት የእንጨት ፕሮፔለር ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ስታዩ ዓይናችሁ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ቫርኒሹ ነው። ያብረቀርቃል። ተነባብረው በሙጫ የተጣበቁት የዋልነት ወይም የማሆጋኒ ሳንቃዎች መስመር እየሠሩ ይወርዳሉ። በእውነት ያምራል። መሃሉ ላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሰዓት ይኖራል። የኔ ጠብ ከዚህ ሰዓት ጋር ነው።

ፕሮፔለር ይነበባላ! ፋብሪካዎቹ እምብርቱ ላይ በብረት ማኅተም ይመቱበት ነበር፦ የንድፍ ቁጥር፣ የሞተሩን የፈረስ ጉልበት፣ ዲያሜትሩን፣ በአንድ ዙር ወደፊት እንዲጓዝ የታሰበውን ርቀት። ጀርመን ሠራሽ ከሆነ የሞተሩ ስም ጭምር ሊኖር ይችላል፦ 160 የፈረስ ጉልበት፣ መርሴዲስ። የትኛው አውሮፕላን ላይ እንደበረረ መከታተል የሚጀመረው ከነዚህ ፊደላት ነው።

ታዲያ ለሰዓቱ የሚሰፋው ቀዳዳ የት ነው? እዚያው እምብርቱ ላይ። ከጽሑፉ ያልተቆረጠው ይሸፈናል፤ ያልተሸፈነው «ይታደስ» ተብሎ በብርጭቆ ወረቀት ይፈገፈጋል። ይሄ ለእኛ እንግዳ አይደለም። የቀድሞ ባለቤታቸው ስም ተፍቆ የአዲሱ የገባባቸው ስንት ብራናዎች አሉን! መጽሐፉ አለ፤ የመጣበት መንገድ ግን ጠፍቷል።

እዚህ ላይ ግን ራሴንም ልቃወም። ሰዓት የገጠመ ሁሉ ነጋዴ አይደለም፤ በዚያው ዘመን የጦር ሜዳ ሜካኒኮችም ለማስታወሻ ገጥመዋል። የወደቀ አብራሪ መቃብር ላይ መስቀል ሆነው የተተከሉ ፕሮፔለሮችም ነበሩ፤ አንዳንዶቹ ዛሬ በእንግሊዝ አብያተ ክርስቲያናት ውስጥ ይገኛሉ። ያንን መስቀል «ወደ ቀድሞው ልመልሰው» ብሎ መፍታት ሌላ ፍቀት ነው። ሐዘኑም የዕቃው ታሪክ ነውና።

ስለዚህ መለኪያዬ ውበት አይደለም፤ «የመጀመሪያው መልክ» የሚባለውም አይደለም። የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ይሄ እጅ ታሪክ ጨመረ ወይስ ፋቀ? ጭረቱ፣ የዘይቱ እድፍ፣ ጫፉን የሸፈነው የተጣመመ ናስ ይቆይ። ከምድጃና ከፀሐይ ይራቅ፤ እንጨቱ ከደረቀ ሳንቃዎቹ ይላቀቃሉ። ከመጽዳቱ በፊት ማኅተሙ ፎቶ ይነሳ።

ሻጭ የሚያብረቀርቅ ፕሮፔለር ሲያሳያችሁም ስለ ቫርኒሹ አትጠይቁት። «እስቲ እምብርቱን አሳየኝ» በሉት።