«ማን በላህ?»፦ የቫምፓየር ፊልሞችና የቡዳ ክስ ከገንዳ ውሃ ሲታዩ

በጎንደር ገጠር ሰው ድንገት ጮሆ ሲወድቅ ጎረቤት ተሰብስቦ የሚለው የታወቀ ነው፦ «ቡዳ በልቶት ነው»። በሽተኛው ጋቢ ይከናነባል፤ ከጋቢው ሥር ፍም ይገባል፤ በፍሙ ላይ የሚጨሰው ሥር አፍንጫውን እየሰነፈጠ እንባውን ያወርደዋል። ነጭ ሽንኩርትና ጤና አዳም ይታሽለታል። ከዚያ አንዱ ትልቅ ሰው ጠጋ ብሎ «ማን በላህ?» ይላል። ቤቱ ጸጥ ይላል። ሁሉም የሚጠብቀው ስም ነው። ስም ከወጣ ደግሞ የሚጠራው ብዙውን ጊዜ የባለርስቱ ወይም የዳኛው አይደለም፤ የሸክላ ሠሪዋ ወይም የቀጥቃጩ ነው።

አስፈሪ ፊልም የሚወዱ ሰዎች አሮጌውን የቫምፓየር ፊልም ከአዲሱ ጋር ሲያወዳድሩ ክርክራቸው በሁለት ጥያቄ ላይ ይሽከረከራል። የትኛው ይበልጥ ያስፈራል? የትኛውስ እ.ኤ.አ. በ1897 ለታተመው የብራም ስቶከር ልቦለድ «ድራኩላ» ይታመናል? ሁለቱም ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው። ለእኛ አገር ተመልካች ግን ሦስተኛው ይቀድማል ብዬ አምናለሁ፦ ፊልሙ «ማን በላህ?» ሲባል የማንን ስም ይጠራል?

የደም መጣጭ ተረት ምንጊዜም ክስ ነው፤ ክስ ደግሞ አቅጣጫ አለው። የታሪክ ተመራማሪዋ ሉዊዝ ዋይት እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተመችው መጽሐፍ በቅኝ ግዛት ዘመን በምሥራቅና በመካከለኛው አፍሪካ የተናፈሰ ወሬ መርምራለች። ሕዝቡ የእሳት አደጋ ሠራተኞችና ሌሎች የመንግሥት ቅጥረኞች የጥቁር ሰው ደም ይቀዳሉ ይል ነበር። ዋይት ወሬውን እንደ አላዋቂነት አልጣለችውም፤ ተገዢዎች ስለ ገዢዎቻቸው የሰጡት ምስክርነት አድርጋ አነበበችው። እዚያ ደካማው ብርቱውን ከሰሰ። በቡዳ ክስ ግን ርስት ያለው ርስት የሌለውን ይከሳል። የቫምፓየር ፊልሞችንም ወደ ላይ የሚከሱና ወደ ታች የሚከሱ ብለን ብንለያቸው ብዙ ነገር ይገለጥልናል።

እ.ኤ.አ. በ1922 ኤፍ. ደብሊው. ሙርናው የሠራው «ኖስፌራቱ» ወደ ታች ከሚከሱት ይመደባል። ያለ ፈቃድ የተሠራ ስለነበር የስቶከር ባለቤት ከሳ ቅጂዎቹ እንዲወድሙ አስፈርዳበታለች፤ ከእሳት ያመለጡት ናቸው ዛሬ የምናያቸው። ማክስ ሽሬክ የተጫወተው ኦርሎክ አፍንጫው የጎበጠ፣ ጥፍሩ የረዘመ፣ ከምሥራቅ በመርከብ አይጥና ወረርሽኝ ይዞ የሚመጣ መጻተኛ ነው። የፊልሙ ጽሑፍ ደራሲ ሄንሪክ ጋሊን ራሱ አይሁዳዊ ቢሆንም፣ ይህ መልክ በዘመኑ አይሁዳውያን ይሣሉበት ከነበረው የጥላቻ ሥዕል ጋር መመሳሰሉን ብዙ ሃያስያን አስተውለዋል። ሆኖም ያው ፊልም ራሱን የሚመረምርበት አንድ ትዕይንት አለው። ከተማዋ በወረርሽኙ ስታልቅ ሕዝቡ ጥፋተኛ ይፈልግና ኖክ የተባለውን የቤት ደላላ ያሳድዳል። በድንጋይ ይወግሩታል፤ በየጣሪያው፣ በየማሳው ይከተሉታል። ከሩቅ አንድ ቆሞ የሚጠብቅ ሰው ያዩና ተንደርድረው ይሰባብሩታል። የሰባበሩት የማሳ ማስፈራሪያ ነው፤ ከእጃቸው የቀረው ጨርቅና ጭድ ነው። በዚህ ሰዓት እውነተኛው ደም መጣጭ በገዛው ቤት ተቀምጧል። ከመቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረው ይህ ትዕይንት ከኦርሎክ ጥላ የበለጠ ያስፈራኛል።

እ.ኤ.አ. በ1931 ቤላ ሉጎሲ፣ በ1958 ክሪስቶፈር ሊ የተጫወቷቸው ድራኩላዎች መጻተኛውን ካባ አልብሰው መስፍን አደረጉት፤ የፍራንሲስ ፎርድ ኮፖላ የ1992 ፊልም ደግሞ አፍቃሪ አደረገው። ሮበርት ኤገርስ እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው አዲሱ «ኖስፌራቱ» ኦርሎክ የበሰበሰ ባለ ሪዝ መስፍን ነው፤ በልጅነት ብቸኝነቷ የጠራችው ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ኤለን ራሷ ናት። ስለዚህ ክፉው ከውጭ ብቻ አልመጣም። በብርሃንና በጥላ አሠራሩ ድንቅ ሥራ ነው፤ ስለ ሕዝቡ የጥፋተኛ ፍለጋ ግን አሮጌው የበለጠ ይናገራል።

ወደ ላይ የሚከሱት ሌሎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1972 በወጣው «ብላኩላ» አፍሪካዊው ልዑል ማሙዋልዴ የባሪያ ንግድ እንዲቆም እርዳታ ለመለመን ወደ ድራኩላ ቤተ መንግሥት ይሄዳል፤ ድራኩላ ነክሶ የራሱ ዓይነት ያደርገዋል። ደም መጣጭነት እዚህ ከባሪያ ነጋዴው የሚጋባ በሽታ ነው። የራያን ኩግለር የእ.ኤ.አ. 2025 ፊልም «ሲነርስ» ይህን መንገድ አሰፋው። ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1932፣ ቦታው ሚሲሲፒ ነው። በጥቁሮች ጭፈራ ቤት የተዘጉት ሰዎች ከመካከላቸው ማን እንደተነከሰ ስላላወቁ፣ ሥር ማሽ የሆነችው አኒ ነጭ ሽንኩርት ሁሉም በየተራ እንዲበላ ታደርጋለች። የጎንደር ተመልካች ይህን ሲያይ ማስተርጎም አያሻውም። ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው። በአኒ ቤት ነጭ ሽንኩርቱ እሷንም ጨምሮ ለሁሉም እኩል ይደርሳል፤ በቡዳ ክስ ግን ከሳሾቹ አይመረመሩም። ሬሚክ የተባለው ቫምፓየርም ሕዝቡ የተገፋበት አየርላንዳዊ ነው። ሲነጋ አብዛኞቹ ቫምፓየሮች በፀሐይ ያልቃሉ፤ ከዚያ በጠራራ ብርሃን ሊገድሉ የሚመጡት ኩ ክለክስ ክላን የተባለው የነጭ ዘረኞች ቡድን ሰዎች ናቸው። የጭፈራ ቤቱን ሕንፃ ለጥቁሮቹ የሸጠው ሰውም ከክላኑ አንዱ ነው።

ይህን ይዘን ወደ አገራችን እንመለስ። የጎንደር ቤተ እስራኤላውያን ከርስት ከተነቀሉ በኋላ ቀጥቃጭነትና ሸክላ ሥራ መተዳደሪያቸው ሆነ። ማረሻውንም ድስቱንም የሚሠሩት እነሱ ነበሩ። ቀን ማረሻውን ከእነሱ የገዛ ሰው ማታ ጅብ ሆነው ሬሳ ያወጣሉ፣ ደም ይመጥጣሉ ይል ነበር። ተመራማሪዋ ሐጋር ሳላሞን እ.ኤ.አ. በ1999 ስለዚህ ጉዳይ ያሳተመችውን ጥናት «የጅብ ሰዎች» ያለችው በዚሁ ምክንያት ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያ በሙያው እንዳይሰደብ አዋጅ አስነግረዋል። አዋጁ ስድቡን ከለከለ፤ «ማን በላህ?» የሚለውን ጥያቄ ግን ከየጋቢው ሥር አላወጣውም።

በመተማ ቆላ ካለችው ከገንዳ ውሃ ከተማ ሲታይ ግን ጥያቄው ሌላ መልስ ያገኛል። በዚህ ቆላ ማታ ማታ ደም የሚመጥጥ አለ፤ ስሙም ይታወቃል። ሰሊጥ ለማረምና ለማጨድ ከደጋ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ ሜዳ ላይ ወይም ዛፍ ሥር ያድራል። በተሰነጣጠቀው ጥቁር ዋልካ አፈር ውስጥ የምትራባው የአሸዋ ዝንብ ድምፅ የላትም፤ ከትንኝም ታንሳለች። የምታስተላልፈው ካላዛር የተባለው በሽታ ትኩሳቱ አይለቅም፤ ጣፊያ ያሳብጣል፣ ሰውነት ያመነምናል፣ ደም ያሳንሳል። ካልታከመ አብዛኛውን ጊዜ ይገድላል። ወደ ደጋ ቀዬው የተመለሰ ሠራተኛ ከስቶና ገርጥቶ ሲታይ ቡዳ በላው ቢባል፣ ሕክምናው ይዘገያል፤ አንዲት ሸክላ ሠሪም ያለ ጥፋቷ ትከሰሳለች። ሁለት ሰው በአንድ ቃል ይጎዳል። ሙርናው ያሳየን የማሳ ማስፈራሪያ ይህች ሸክላ ሠሪ ናት።

የዚህ ቆላ መሬት ሌላም ትዝታ አለው። በ1970ዎቹ ዓ.ም. ቤተ እስራኤላውያን ከጎንደር መንደሮቻቸው ተነሥተው ወደ ሱዳን የተሻገሩት በዚህ በምዕራቡ ቆላ ነው። ቀን በጫካ ተደብቀው ሌሊት በእግራቸው ይጓዙ ነበር። «ሌሊት ይወጣሉ» ሲባሉ የኖሩ ሰዎች በእርግጥ ሌሊት ወጡ፤ ያስወጣቸው ግን ወንበዴና ወታደር መፍራት ነው። ከኅዳር እስከ ታኅሣሥ 1977 ዓ.ም. በ«ሙሴ ዘመቻ» ወደ 8 ሺህ የሚጠጉት ከሱዳን በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ተወሰዱ። በመንገድና በሱዳን መጠለያዎች በረሃብና በበሽታ ያለቁት ወደ 4 ሺህ ይገመታሉ።

እንግዲህ ከአሮጌውና ከአዲሱ የትኛው ይበልጣል ለሚለው ክርክር የእኔ ፍርድ ይህ ነው፤ በጥበብ «ኖስፌራቱ»፣ በፍትሕ «ሲነርስ» ይቀድማል። ለፊልም ሠሪዎቻችን ደግሞ አንድ ልመና አለኝ። የቡዳን ታሪክ ስትሠሩ ካሜራችሁን ከሚጮኸው በሽተኛ አልጋ አጠገብ ብቻ አትትከሉት። በዚያች ሌሊት ስሟ ሲጠራ ከሩቅ የምትሰማው ሸክላ ሠሪ ቤት አስገቡት፤ በሯን ስትዘጋ፣ ልጆቿን ስትሰበስብ አሳዩን። እውነተኛው ፍርሃት ያለው እዚያ ቤት ነው።