«ቆጥቡ» የሚለው ምክርና የገብረ ሕይወት መጽሐፍ፤ በምዕራብ ጎጃም ወጣት ሚዛን

ወጣቱ ስለ ገንዘብ አያያዝና ስለ አገር ሀብት ግድ የለውም የሚለው ወቀሳ በመምህራንም በሹማምንትም ዘንድ ተደጋግሞ ይሰማል። መድኃኒት ተብሎ የሚሰጠውም ምክር ብዙ ነው፤ በራዲዮ ይነገራል፤ በባንክ ቤት ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፤ በትምህርት ቤት ሰልፍ ላይ ይነበባል። ቃሉ ግን በየስፍራው አንድ ነው፤ ይኸውም «ቆጥቡ» የሚል ነው። እኛ በዚህ ጽሑፍ ይህን ምክር እንደ አንድ ድርሰት ቆጥረን ልንመረምረውና ከአንድ ከፍ ያለ መጽሐፍ፣ ከነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» ጋራ ልናስተያየው አስበናል። ሁለቱም ስለ ሀብት ለኢትዮጵያ ሰው የተነገሩ ቃላት ናቸውና ሊወዳደሩ ይገባል። የምንመዝንባቸውም ሚዛን ሌላ ሳይሆን የፍኖተ ሰላም፣ የቡሬና የአካባቢው ገጠር ወጣት ነው።

አስቀድሞ ወቀሳው ራሱ እውነት መሆኑ መጠየቅ አለበት። ቡሬ ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር የሚወስደው መንገድና ዓባይን ተሻግሮ ወደ ነቀምት የሚሄደው መንገድ የሚገናኙባት ከተማ ናት፤ በበርበሬዋና በበቆሎዋም የታወቀች ናት። በዚያች ከተማ በገበያ ቀን ከእህል ተራ አጠገብ ጥቂት ሰዓት የቆመ ሰው ወጣቱ ስለ ኢኮኖሚ አይናገርም ብሎ ሊጽፍ አይችልም። አንዱ ጎልማሳ እህል ነጋዴውን «አያ፣ ዛሬ በቆሎው በስንት ዋለ?» ይለዋል፤ ነጋዴውም «ልጄ፣ እሱን መንገዱ ነው የሚያውቀው፤ መኪና ካለፈ ይወደዳል፤ ካላለፈ ይረክሳል» ብሎ ይመልሳል። ሌሎቹም አንድ ኩንታል ዩሪያ ለመግዛት ዘንድሮ ስንት ኩንታል በቆሎ መሸጥ እንደሚያስፈልግ፣ አምናስ ስንት እንደ ነበረ ይከራከራሉ። ይህ እኛ በኮሌጅ ስለ ሸቀጦች የልውውጥ ዋጋ የምንማረው ትምህርት ራሱ ነው። ገበሬው በቆሎውን ሰብስቦ ዋጋው በረከሰበት ወራት ለምን እንደሚሸጥ ብንጠይቃቸው፣ ዕዳና ግብር ስለሚጠብቀው፣ ቢያቆየውም ነቀዝ ስለሚበላበት መሆኑን ያስረዳሉ። ስለዚህ ወጣቱ የራቀው ከኢኮኖሚ ነገር ሳይሆን በኢኮኖሚ ስም ከሚነገረው ምክር ነው።

እንግዲህ ምክሩ ለምን አራቀው? የመጀመሪያው ጉድለቱ ጥያቄ ሳይጠይቅ መልስ መስጠቱ ነው። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለውን ምሳሌ ይዞ ይነሣል። ምሳሌው መልካም ነው፤ ዳሩ ግን እንቁላሉ ጫጩት፣ ጫጩቱም ዶሮ እስኪሆን ድረስ የጥሬው ዋጋ ምን እንደሚሆን አይናገርም። በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ ለቁጠባ የሚከፈለውን ዝቅተኛ ወለድ ከመቶ 5 ወደ 7 ከፍ አደረገው። በ2014 ዓ.ም. ግን የዋጋው ንረት በዓመት ከመቶ 30 በላይ ደረሰ። በዚህ ስሌት 10,000 ብር ያስቀመጠ ሰው በዓመቱ 10,700 ብር ያገኛል፤ በ10,000 ብር ይገዛው የነበረው ዕቃ ግን 13,000 ብር ይጠይቀዋል። ይህ ሰው ወለድ ተቀብሎ ሳለ 2,300 ብር ጎደለበት ማለት ነው። ምክሩ ግን ይህን ሒሳብ አብሮ አይናገርም።

ከእኛ ጋራ የተማረ አንድ የፍኖተ ሰላም ልጅ ባጃጅ ለመግዛት በቀን ሥራ ያገኘውን ገንዘብ ሁለት ዓመት ሙሉ አጠራቀመ፤ ሻይ እንኳ ሳይቀር ትቶ ነበር። በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ ቢመለከት፣ ባጃጁን ለመግዛት የሚጎድለው ብር ከተነሣበት ቀን ይልቅ በዝቶ ተገኘ። እንዲህ ያለው ሰው ሌላ ጊዜ ስለ ቁጠባ ሲሰበክ ተነሥቶ ቢወጣ ሰነፍ ነው ልንለው አንችልም፤ ምክሩን በሥራ የፈጸመው እርሱ ነውና። የደረሰበትን ነገር ያስረዳው ሰው ግን ስለሌለ ራሱን ዕድለ ቢስ ነኝ ብሎ ደመደመ። የምክሩ ትልቁ ጥፋት ይህ ይመስለናል፤ ይኸውም የዋጋን ሥራ ወጣቱ የራሱ ጥፋት አድርጎ እንዲቀበል ማድረጉ ነው።

ሁለተኛው ጉድለት የቋንቋ ነው። በጥር 2017 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ተከፈተ። ነገሩ ትልቅ ነው፤ ስሙ ግን የግእዝ ትምህርት የሌለውን ሰው ከበሩ ይመልሰዋል። «አክሲዮን» የሚለውን ቃል የገጠሩም ሰው ያውቀዋል። ከዚህም በላይ ከባለመሬት ጋራ ተስማምቶ የእኩል የሚያርስ የገጠር ወጣት፣ ትርፍንም ጉዳትንም መካፈል ምን ማለት እንደ ሆነ ከማንኛውም ተማሪ ይልቅ ያውቃል። አስተማሪው ከዚህ ተነሥቶ ቢያስረዳ ትምህርቱ በአንድ ሰዓት ይገባ ነበር፤ ከስሙ ተነሥቶ ሲያስረዳ ግን ሰዓቱ በስሙ ያልቃል።

ሦስተኛው ጉድለት ከወጣቱ ቤት ያለውን ትምህርት መናቅ ነው። ዕቁብን እንውሰድ። 12 ሰዎች በየወሩ አንድ አንድ ሺህ ብር ይጥላሉ እንበል። የመጀመሪያው ዕጣ የደረሰው 12,000 ብር ያለ ወለድ የተበደረ ያህል ነው፤ የመጨረሻው ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ያለ ወለድ ያበደረ ነው። ዋጋ በሚንርበት ዘመን ሁለቱ የተቀበሉት ብር በቍጥር እኩል ሲሆን በዕቃ ግን እኩል አይደለም። አንዳንዱም ዕጣውን አስቀድሞ ለመውሰድ ለባለ ዕጣው ጥቂት ብር ይከፍላል፤ ያ ክፍያ ስሙ ባይጠራም ወለድ ነው። ዕቁቡ ዳኛና ጸሐፊ አለው፤ ዕጣ የደረሰውም ዋስ ይጠራል። ብድር፣ ወለድ፣ ዋስትናና ውል ሁሉ በአንድ ማኅበር ውስጥ ይገኛሉ። እኛ በሚሲዮን ትምህርት ቤት የወለድ ሒሳብ ስንማር ምሳሌዎቹ ሁሉ የባዕድ አገር ነጋዴዎች ነበሩ፤ እናቶቻችን በየወሩ የሚጥሉት ዕቁብ ግን አንድ ቀን እንኳ በሰሌዳው ላይ አልተጻፈም።

አሁን ወደ መጽሐፉ እንመለስ። «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» ደራሲው በ1911 ዓ.ም. ካረፈ በኋላ በ1916 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ታትሞ የወጣ ነው። ከምክሩ የሚለየው መጠኑ ብቻ አይደለም፤ መነሻው ነው። ምክሩ «ይህን አድርግ» ይላል፤ መጽሐፉ ግን «ይህ ለምን ሆነ?» ብሎ ይጠይቃል። የሕዝብ ሀብት ከሥራ እንደሚገኝ፣ ሥራም በዕውቀት እንደሚበረታ፣ ዕውቀት የጎደለው ሕዝብ ዕውቀት ካለው ሕዝብ ጋራ ሲነግድ ብዙ ድካም ሰጥቶ ጥቂት እንደሚቀበል ያስረዳል። ይህን ሐሳብ ይዞ ወደ ቡሬ የእህል ተራ የሄደ ሰው የበቆሎውንና የዩሪያውን ክርክር በአዲስ ዐይን ይሰማዋል። በቆሎው የእጅና የበሬ ሥራ ነው፤ ዩሪያው ከባሕር ማዶ ፋብሪካ በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ የሚመጣ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ በተለቀቀ ጊዜ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ይህ ወሬ በአዲስ አበባ የባንክ ሰዎች ወሬ ብቻ ሊመስል ይችላል፤ ዳሩ ግን ማዳበሪያ ለሚገዛ ገበሬ የገዛ ማሳው ወሬ ነው። በቡሬ የተሠራውም የተቀናጀ የግብርና ማቀነባበሪያ ፓርክ፣ በአገሩ አስቀድመው ከተጀመሩት ከአራቱ አንዱ የሆነው፣ ጥሬውን ከመሸጥ ሠርቶ መሸጥ ይሻላል በሚል ሐሳብ ላይ የቆመ ነው። የዚህን ፓርክ አጥር በየቀኑ የሚያይ ወጣት ሥራ አገኝበት ይሆን ብሎ ከመጠየቅ አልፎ ለምን እንደ ተሠራ እንዲጠይቅ የሚያደርገው እንዲህ ያለው መጽሐፍ ነው።

ይሁን እንጂ መጽሐፉንም ያለ ነቀፋ ልናልፈው አይገባም። ስሙ እንደሚያመለክተው የተጻፈው ስለ መንግሥትና ስለ ሕዝብ ነው፤ ስለ አንድ ጎልማሳ ኪስ አይደለም። ያ ባጃጅ የፈለገው ጓደኛችን መጽሐፉን ቢያነብ አገሩ ለምን እንደ ደኸየች ይረዳ ይሆናል፤ በእጁ ያለውን ገንዘብ ነገ ምን እንደሚያደርገው ግን አይነግረውም። ምክሩ ምክንያትን ትቶ ተግባርን ይሰጣል፤ መጽሐፉ ተግባርን ትቶ ምክንያትን ይሰጣል። ወጣቱን የሚስበው ቃል ግን ሁለቱን ማገናኘት አለበት።

ይህን ማገናኘት እንደ ጨዋታ የሚቆጥር ቢኖር የጎጃምን ታሪክ እናስታውሰው። በ1960 ዓ.ም. የግብርና ገቢ ግብር አዋጅ በወጣ ጊዜ የጎጃም ገበሬ ነገሩ ርስቱን ለማስለካትና ለመንጠቅ የመጣ ነው ብሎ ተነሣ፤ የአስተዳደሩም በደል ተጨምሮበት ደም ፈሰሰ። በመጨረሻም መንግሥት አገረ ገዥውን ለወጠ፤ ግብሩም እንደ ታሰበው ሳይሰበሰብ ቀረ። የአመፁ ምክንያት አንድ ብቻ ነው አንልም። ዳሩ ግን ስለ ገበሬው ገቢ የሚናገር ሕግ ከገበሬው ጋራ ሳይመከርበት ሲመጣ፣ ባዶውን ስፍራ ጥርጣሬ እንደሚሞላው ከዚህ እንማራለን። ዛሬም ሕዝቡ ስለ ዋጋ፣ ስለ ምንዛሪና ስለ ግብር የሚወያይበት ቃል ከሌለው ነገሩ ያው ነው።

ምናልባት አንዳንድ አንባቢ «ታዲያ ወጣቱ አይቆጥብ ነው የምትሉት?» ይለን ይሆናል። እንዲህ አንልም። ለሕመም፣ ለዘርና ለትምህርት የሚሆን ጥሪት የሌለው ሰው ዋጋ ቢንርም ባይንርም ይጎዳል። አብቁተ በመባል ይታወቅ የነበረው፣ ኋላም ጸደይ ባንክ የሆነው ድርጅት በክልሉ ገጠር ብድርንና ቁጠባን አንድ ላይ ማስለመዱ የሚናቅ ሥራ አይደለም። እኛ የምንለው ቁጠባ የውይይቱ መደምደሚያ እንጂ መጀመሪያ አይሁን ነው። አስቀድሞ «ይህ ዕቃ አምና ስንት ነበር? ዋጋው ሲወጣ ማን ተጠቀመ? ማንስ ተጎዳ?» ተብሎ ይጠየቅ። ቀጥሎም «የተረፈህን በምን ታስቀምጠዋለህ? በብር ነው፣ በእህል ነው፣ በበግ ነው ወይስ በሙያ?» ይባል። ብር በዋጋ ንረት ይቀንሳል፤ እህልን ነቀዝ ይበላዋል፤ በግ በበሽታ ይሞታል፤ ሙያም ሥራ ካልተገኘ ያዛግማል። ሁሉም የየራሱ አደጋ እንዳለው አመዛዝኖ የመረጠ ሰው ቢከስር እንኳ ለምን እንደ ከሰረ ያውቃል፤ ለሚቀጥለውም ይታረማል።

ይህ ምርመራችን በሁለት ከተሞችና በጥቂት የገጠር ገበያዎች ላይ የቆመ ነውና ለአገሩ ሁሉ ይሆናል ብለን አንደፍርም። ሆኖም ከእያንዳንዳችን ቤት አንድ ዕቁብ ይገኛል። በሚመጣው የክረምት ዕረፍት እያንዳንዱ ተማሪ የእናቱን ዕቁብ ሒሳብ ጽፎ፣ የመጀመሪያው ባለ ዕጣና የመጨረሻው ባለ ዕጣ በገንዘባቸው ምን ምን ሊገዙ እንደ ቻሉ አስተያይቶ ቢመጣ፣ ይህ መጽሔት ከማናቸውም የቁጠባ ስብከት የበለጠ የሚነበብ ጽሑፍ ያገኛል ብለን እናምናለን። ያ የፍኖተ ሰላም ጓደኛችንም ከጽሑፉ አንባቢዎች የመጀመሪያው ይሆናል።