የቀራፂ መኖሪያና የሥራ ቤት በባሌ ደጋ

በኢትዮጵያ አንድ የጥበብ ሰው መኖሪያውንና የሥራ ቤቱን በአንድነት ያቀደበት ሥራ ሲጠቀስ አስቀድሞ የሚነሣው የአፈወርቅ ተክሌ ‹‹ቪላ አልፋ›› ነው። በ2004 ዓ.ም. ያረፉት ሠዓሊና ቀራፂ ይህን የአዲስ አበባ ቤት ራሳቸው ነድፈው፥ መልኩን ከጎንደር ግንብ ጋራ አዛምደው አሠርተውታል። ቤቱ የባለቤቱን ማዕርግ አጉልቶ ያሳያል፤ ነገር ግን ልጆች የሚያድጉበት፥ እንጀራ የሚጋገርበትና ድንጋይ የሚጠረብበት ቤት እንዴት ሊሠራ እንደሚገባ ለሚጠይቅ የሚመልሰው ጥቂት ነው።

ከዚህ ይልቅ ብዙ የሚያስተምረው፥ መኖሪያ ሳይሆን ቤተ መዘክር ቢሆንም፥ በ2011 ዓ.ም. በመካኒሳ የተከፈተው ዞማ ነው። ኤልያስ ስሜና የሰው ባሕል አጥኚዋ መስከረም አሰግድ ያሠሩት ግድግዳ ጭቃና ጭድ ሲሆን፥ ልስኑ ራሱ ቅርጽ ሆኗል። በዚህም ምክንያት ከዕለት ሠራተኛ በላይ ተቈጥሮ የማያውቀው የጭቃ ባለሙያ ከቀራፂው ጐን ቆሟል፤ ይህም ከሕንፃው ውበት የበለጠ ሊመሰገን ይገባል።

ዳሩ ግን ዞማን እንዳለ አንሥቼ በሮቤ ወይም በጎባ ልትከለው የሚል ነዳፊ ቢኖር ይሳሳታል። ጎባ ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ያህል ከፍታ አላት፤ ከበላይዋ ያለው የሳነቴ አምባ ከ4,000 ሜትር ያልፋል። በዚህ ብርድ ወፍራም የጭቃ ግድግዳ የቀኑን ሙቀት ለሌሊት ማቈየቱ መልካም ነው። ሆኖም የባሌ ዝናብ በሁለት ወቅት ስለሚመጣ ልስን የሚደርቅበት ጊዜ አጭር ነው፤ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ያልተለሰነ ቤት ርጥበቱን ይዞ ይከርማል። ጭዱም የሲናና የስንዴና የገብስ ጭድ ነው፤ እንደ ጤፍ ጭድ የላመ ስላልሆነ፥ ጭቃው ከመረገጡ በፊት ካልተከተፈ ስስ ቅርጽ አይቀበልም። የእንጨቱ ነገር ከዚህም ይከፋል። የሐረና ደን በከፊል በ1962 ዓ.ም. በተቋቋመውና በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት በተመዘገበው ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ስለሚገኝ፥ የጥድና የኮሶ ምሰሶ እንደ ቀድሞው ሊታሰብ አይገባም፤ የሚቀረው ባሕር ዛፍ ነው።

ስለ ብርሃንም ከአውሮፓ የተወሰደው ደንብ እዚህ አይሠራም። በዚያ የቀራፂ መስኮት ወደ ሰሜን ይከፈታል፤ የቀትር ፀሐይ በዚያ በኩል አትመጣምና። ጎባ ግን ከምድር ወገብ በስተሰሜን በ7 ዲግሪ ገደማ ስለምትገኝ፥ ከመጋቢት መጨረሻ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ድረስ ፀሐይ በቀትር በሰሜን በኩል ትውላለች። ስለዚህ የሰሜኑ መስኮት የተረጋጋ ብርሃን የሚሰጠው ከመስከረም እስከ መጋቢት ብቻ ነው፤ በቀረው ጊዜ ረዘም ያለ የጣራ ክፈፍ ያሻዋል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያከራክረው የቤተ ሰቡ ጉዳይ ነው። ሥራንና መኖሪያን በአንድ ጣራ ሥር ማጣመር በወረቀት ላይ ያምራል፤ የድንጋይ ብናኝ ግን ሳንባ ያቈስላል፥ ሕፃንና አዋቂም አይለይም። የሀገሩ ግቢ ማድ ቤትን ከመኖሪያ ለይቶ ጭስን ማራቅ ያውቃል፤ የሥራ ቤቱም በዚሁ ሥርዓት ለብቻው፥ ነፋስ ከመኖሪያው ወደ እርሱ በሚነፍስበት ወገን ሊቆም ይገባል። ጠረባውን ወደ ደጅ ማውጣትም ነውር የለውም። በአርሲ ኦሮሞ ምድር በመንገድ ዳር የሚታዩት የተቀረጹና ቀለም የተቀቡ መቃብሮች የቆሙት በሜዳ ብርሃን ነው፤ በደጅ የሚቆም ሥራም በደጅ ብርሃን ይመዘናል። ለዚህ ጣራ ያለው፥ ግድግዳ የሌለው ዳስ ይበቃል፤ መግቢያው ግን ድንጋይ የጫነ መኪና እስከ ዳሱ የሚደርስበት ሰፊ መሆን አለበት።