ለ8 ደቂቃ ድምፅ የተሠራ ቤት፦ የድምፅ ንድፍ በጋራ የጥበብ ሥራ ውስጥ

የድምፅ ንድፍ አንድ ድምፅ ምን እንደሚመስል ከመወሰን ያልፋል። ድምፁ ከየት እንደሚመጣ፣ ወዴት እንደሚሄድ፣ አድማጩን በየትኛው ወገን እንደሚያገኘው፣ ከምስልና ከብርሃን ጋርም በምን ዓይነት ውል እንደሚኖር መወሰንን ይጨምራል። ብዙ ባለሙያዎች በሚሳተፉበት የመልቲሚዲያ ሥራ ድምፅ አብዛኛውን ጊዜ በመጨረሻ የሚጠራ እንግዳ ነው። ምስሉ ተቀርጾ፣ ቤቱ ተሠርቶ፣ መብራቱ ተሰቅሎ ካበቃ በኋላ የቀረውን ክፍተት እንዲሞላ ይጠየቃል። ከመሠረቱ የታሰበባቸው ሥራዎች ጥቂት ናቸው። ከእነዚህ አንዱ እ.ኤ.አ. በ1958 በብራስልስ የዓለም ኤግዚቢሽን የቆመው የፊሊፕስ ፓቪሊዮን ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)።

የሥራው መነሻ ንግድ ነበር። የኔዘርላንዱ ኩባንያ ፊሊፕስ አምፖልና ራዲዮ በመደርደሪያ ደርድሮ ከማሳየት ይልቅ መሣሪያዎቹ በጥበብ ሥራ ውስጥ ሲያገለግሉ ሕዝብ እንዲያያቸው ፈለገ። የኩባንያው የጥበብ ኃላፊ ሉዊ ካልፍ በ1956 ሐሳቡን ለአርክቴክቱ ሌ ኮርቡዚዬ አቀረበ። አርክቴክቱን ከሕንጻው ይበልጥ የማረከው በውስጡ የሚታየውና የሚሰማው ነገር ነበር፤ ምስልን፣ ቀለምን፣ ብርሃንንና ድምፅን ላጣመረው ትርኢት «ኤሌክትሮኒክ ግጥም» የሚል ስም አወጣለት። ራሱ በሕንድ በቻንዲጋር ከተማ ግንባታ ተወጥሮ ስለነበር የሕንጻውን ንድፍ በቢሮው ለሚሠራው ለያኒስ ዜናኪስ ተወለት። ለድምፁ ኤድጋር ቫሬዝን መረጠ። ኩባንያው ሥራው ለሕዝብ ጆሮ የቀረበ ሌላ አቀናባሪ እንዲገባ ቢገፋም፣ ሌ ኮርቡዚዬ ቫሬዝ ከሌለ እሱም እንደማይኖር አሳወቀ። ያ እልህ ባይኖር ኖሮ ፓቪሊዮኑ ዛሬ የሚታወሰው በቅርጹ ብቻ በሆነ ነበር።

በ1883 ፓሪስ ተወልዶ በ1915 ወደ ኒውዮርክ የተሻገረው ቫሬዝ፣ ድምፅን በአየር ውስጥ እንደሚንቀሳቀስ፣ ከሌላው ጋር እንደሚጋጭና እንደሚገፋፋ ግዙፍ አካል ያስበው ነበር። በ1931 ለ13 የምት መሣሪያ ተጫዋቾች የጻፈው «ኢዮኒዛሲዮን» ሲረንን ከከበሮ እኩል አሰልፏል። የቸገረው መሣሪያ ማጣት ነበር፤ በጆሮው የሚመላለሰውን የሚያወጣ ማሽን ለዓመታት ሲፈልግ ኖሯል። ኦርኬስትራን ከቴፕ ያፈራረቀው «ዴዜር» በ1954 ፓሪስ ላይ ሲቀርብ የተቀበለው የታዳሚው ጩኸት ነው። ከ3 ዓመት በኋላ አይንድሆቨን በሚገኘው የፊሊፕስ የድምፅ ክፍል ሲቀመጥ ዕድሜው ከ70 አልፎ ነበር። ሐሳቡን የሚፈትንበት ቤትና ባለሙያ ያገኘው ያኔ ነው።

ዜናኪስ በአቴንስ ምሕንድስና የተማረ፣ በጦርነቱ ማብቂያ በደረሰበት ጉዳት ግራ ዓይኑን ያጣ ግሪካዊ ስደተኛ ነበር። በ1955 መጀመሪያ በተሰማው «ሜታስታሲስ» በተሰኘው የኦርኬስትራ ሥራው፣ የአውታር መሣሪያዎች ድምፅ ከአንዱ ከፍታ ወደ ሌላው ሳይቆራረጥ ይንሸራተታል። ዜናኪስ እያንዳንዱን ተንሸራታች ድምፅ በወረቀት ላይ በቀጥታ መስመር ይስለው ነበር። ብዙ ቀጥታ መስመሮች አቅጣጫቸውን በጥቂት በጥቂቱ እየለወጡ ሲሰለፉ ጠምዛዛ ገጽ ይወጣቸዋል። የፓቪሊዮኑ ግድግዳም የተገኘው በዚሁ አሠራር ነው። ሃይፐርቦሊክ ፓራቦሎይድ የሚባለው ይህ ቅርጽ ከውጭ ሲታይ በሦስት ምሰሶ ጫፍ የተወጠረ ድንኳን ይመስላል፤ ሸራው ግን በብረት ገመድ ተወጥረው የተያያዙ፣ ውፍረታቸው 5 ሴንቲሜትር ገደማ የሆነ የኮንክሪት ሰሌዳዎች ናቸው። ለጆሮ የተቀመረው ስሌት ጣሪያና ግድግዳ ሆነ።

ውስጡ ጨለማ ነው። በአንድ ጊዜ 500 ያህል ሰው ይገባል፤ የሚያየውና የሚሰማው ቆሞ ነው። ማስተጋባቱን እንዲያፍን በአስቤስቶስ በተለበጠው ግድግዳ ላይ ከ300 የሚበልጡ ድምፅ ማጉያዎች ተተክለዋል። የቫሬዝ ሥራ ከባለ 3 ትራክ ቴፕ ይወጣል። ከጎኑ የሚዞረው ባለ 15 ትራክ ቴፕ ለአድማጭ የሚሆን ድምፅ የለውም፤ ትእዛዝ ብቻ ይሰጣል። የትኛው ማጉያ መቼ እንደሚከፈት፣ የትኛው መብራት መቼ እንደሚበራ የሚወስነው እሱ ነው። ማጉያዎቹ በግድግዳው ላይ ተከታትለው ስለተደረደሩ፣ ድምፁ ከአንዱ ወደ ጎረቤቱ ቶሎ ቶሎ ሲተላለፍ አድማጩ ባናቱ ላይ አልፎ ሲሄድ ይሰማዋል። እነዚህ መተላለፊያዎች «የድምፅ መንገዶች» ይባሉ ነበር።

ቫሬዝ ሥራውን በከባድ የደወል ምት ይከፍታል። ሲረን፣ የኤሌክትሮኒክ ጩኸት፣ ከበሮ፣ የማሽን ጉርምርምታ፣ የሴት ድምፅ፣ መዘምራንና ኦርጋን ተራ በተራ ይመጣሉ። የሚታወቅ ዜማ ፈልጎ የሚያዳምጥ ሰው ግራ ይጋባል፤ ሥራውን የሚያያይዙት ርቀትና አቅጣጫ ናቸውና። ደወሉ ከየት ተነሥቶ የት እንደጠፋ፣ የሴቲቱን ድምፅ ምን ያህል ባዶ ቦታ እንደከበበው ሲስተዋል መዋቅሩ ይገለጣል። አቀናባሪው እዚህ ላይ እንደ ግንበኛ ከፍታ፣ ስፋትና ክብደት ይለካል። ንድፍ የሚለው ቃል ለድምፅ ሲውል ከዚህ የተሻለ ምስክር ማግኘት ያስቸግራል።

አንዱ ቡድን ወጥቶ ሌላው ሲገባ የሚሰማው «ኮንክሬ ፒ ኤች» የተባለው አጭር ሥራ የዜናኪስ ነው። ርዝመቱ ከ3 ደቂቃ ያንሳል፤ ጥሬ ዕቃውም የሚነድ ከሰል ብቻ ነው። ፍሙ ሲንጣጣ ቀርጾ፣ ቴፑን ሴኮንድ በማይሞላ ቁራጭ ከታትፎ፣ ደራርቦና አጠጋግቶ ሠራው። ቡና ሲፈላ ከምድጃው አጠገብ የተቀመጠ ሰው የሚያውቀው ያ ትንሽ ድምፅ በሺህ ተባዝቶ የመስተዋት ስብርባሪ ዝናብ ይሆናል። ስሙ የግንባታውን ኮንክሪትም፣ የተቀረጸ ድምፅን ጥሬ ዕቃው ያደረገውን የፈረንሳይ የሙዚቃ ስልትም በአንድ ቃል ይይዛል፤ ፒ እና ኤች ደግሞ የጣሪያው ቅርጽ የፈረንሳይኛ ስም መነሻ ፊደላት ናቸው። ቤቱንና ድምፁን ያሰበው አንድ ራስ በመሆኑ፣ «ኮንክሬ ፒ ኤች» ከሕንጻው ጋር ያለው ዝምድና ከቫሬዝ ትልቅ ሥራ ይልቅ የጠበቀ ነው።

ምስሉ በሌላ መንገድ መጣ። ሌ ኮርቡዚዬ በ7 ክፍል ያሰናዳውን የሰው ልጅ ታሪክ ፊሊፕ አጎስቲኒ ፊልም አደረገው። ጭምብሎች፣ እንስሳት፣ የአቶሚክ ቦምብ ደመና፣ ሕፃናት፣ የአርክቴክቱም የራሱ ሕንጻዎች ይታያሉ። ምስልና ድምፅ ተናብበው አልተሠሩም፤ ያገናኛቸው የ8 ደቂቃው ርዝመት ነው። ሌ ኮርቡዚዬ ይህን አውቆ ፈቅዷል፤ ትርፉም ቀላል አልነበረም። ቦምቡ ሲታይ ፍንዳታ የማሰማት ግዴታ ከድምፁ ላይ ወረደ፤ ዝምድናውን መፈለግ የተመልካቹ ድርሻ ሆነ። ኪሳራውም በዚያው ልክ ነው። ፊልሙ ወደ ስምምነትና ወደ ተስፋ ሲያዘግም የቫሬዝ ድምፅ ሽቅብ በሚያሻቅብ ከባድ ጩኸት ያበቃል፤ ሁለቱ በሰው ልጅ መጨረሻ ላይ አልተስማሙም፣ አለመስማማታቸውም የታቀደ ክርክር አይመስልም። ይበልጥ የሚያስቆጨው የትእዛዝ ቴፑ ነው። መብራትንና ድምፅን በአንድ እጅ የያዘ መሣሪያ ቀለምና ደወል በአንድ መንገድ አብረው እንዲጓዙ ማድረግ ይችል ነበር። የጋራ ማሽን ተገኘ፤ የጋራ ሐሳብ ግን በበቂ አልተሠራበትም።

የባለቤትነትም ጥያቄ ተነሣ። የሕንጻው ንድፍ በሌ ኮርቡዚዬ ስም ብቻ ሲጠራ ዜናኪስ ተቃወመ፤ ስሙም ከብዙ ክርክር በኋላ ተጨመረ። በ1959 ከቢሮው ተለየ። በጋራ ሥራ የድምፅ ሰው ስም መረሳት ዛሬም የሚያሳስብ ጉዳይ ነው፤ እዚህ ግን ድምፅን ወደ ግንብ የለወጠው ሰው በግንበኛነቱ መረሳቱ ነገሩን ያከብደዋል።

ሌሎች የትብብር መንገዶች በኋላ ተሞክረዋል። በሐምሌ 1965 ኒውዮርክ ላይ የቀረበው «ቫሪኤሽንስ 5» የጆን ኬጅን ሙዚቃ፣ የመርስ ከኒንግሃምን ዳንስ፣ የስታን ቫንደርቢክን ፊልም፣ የናም ጁን ፓይክን የቴሌቪዥን ምስል አገናኝቷል። ሮበርት ሙግ የሠራቸው አንቴናዎችና ብርሃን የሚለዩ ፎቶ ሴሎች መድረኩ ላይ ቆመው፣ ዳንሰኞቹ በአጠገባቸው ሲያልፉ ምልክት ይልኩ ነበር። ከቴፕና ከራዲዮ የሚመጣው ድምፅ መሰማት አለመሰማቱን ግን ሚክሰሩ ላይ የተቀመጡት ሙዚቀኞችም ይወስናሉ። አካል ይጠይቃል፣ እጅ ይመልሳል፤ በብራስልስ ያልነበረው መደማመጥ በዚህ አለ። በፊልም ደግሞ ዋልተር መርች በ1979 ለወጣው «አፖካሊፕስ ናው» በሠራው ሥራ የድምፅ ንድፍ ባለሙያ የሚለውን መጠሪያ አስለምዷል። መርች መጠሪያውን ያስረዳው የሲኒማ አዳራሹን ባዶ ቦታ በድምፅ ማስጌጥ ከሚለው ሐሳብ ጋር አያይዞ ነው። የሄሊኮፕተሩ ክንፍ ከጣሪያው ማራገቢያ ጋር የሚወራረስበት መክፈቻ ከቫሬዝ ተጓዥ ደወል ብዙ አይርቅም።

ፓቪሊዮኑ ጥር 30 ቀን 1959 ፈረሰ። ሌላ ቤት የዚያን ጣሪያ ቅርጽና የማጉያዎቹን ድርድር ስለማይሰጥ ትርኢቱ ሌላ ቦታ ሊቆም አልቻለም። የቫሬዝ ሥራ ከዚያ ወዲህ የሚሰማው በብዛት በሁለት ማጉያ ተጨምቆ ነው፤ ደወሉ ይሰማል፣ መንገዱ የለም። የድምፅ መንገዶቹን አካሄድ የሚያስረዳው ሰነድ የተረፈው በከፊል ነው። በ2000ዎቹ የአውሮፓ ተመራማሪዎች ከፎቶግራፍ፣ ከንድፍና ከቀረው ሰነድ ተነሥተው ሕንጻውን በኮምፒውተር መልሰው አቆሙት። ጎብኚው መነጽርና የጆሮ ማዳመጫ አድርጎ ጭንቅላቱን ሲያዞር ድምፁ ከግድግዳው ጋር ይዞራል። በ1958 ግን 500 ሰው ጎን ለጎን ቆሞ፣ አንዱ ደወል ከበላዩ ሲያልፍ በአንድ ጊዜ ቀና ማለት ይችል ነበር።