ይበል የሚባለው ለማን ነው?

የአውሮፓን የቀድሞ ሊቃውንት ሙዚቃ፣ ይኸውም ክላሲካል የሚባለውን፣ የሚወዱ ሰዎች አንድ የቆየ ልማድ አላቸው። ማታ ማታ በቤታቸው የሰሙትን ሸክላ ለወዳጅ ያስታውቃሉ። ድርሰቱ የማን እንደ ሆነ፣ የተጫወተው ማን እንደ ሆነ፣ በስንት ዓመት እንደ ተቀረጸ ጽፈው፣ እኔ ዛሬ ይህን ሰማሁ፤ አንተስ ምን ሰማህ? ይባባላሉ። ነገሩን ከውጭ ለሚያየው ሰው የሥራ ፈት ጨዋታ ይመስለዋል። ነገር ግን የሒስ ሥራ ሁሉ በውስጡ አለ፤ መምረጥ አለ፣ ማመዛዘን አለ፣ ማመስገንና መንቀፍም አለ። ስለዚህ ምስጋና በማን ላይ እንደሚያርፍ የሚገደው ሰው ሁሉ ይህን ልማድ ቢመረምር ይጠቅመዋል እንጂ አይጎዳውም።

ልማዱ የተወለደው ከሸክላው ጋራ ነው። ዘመኑን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር እጽፋለሁ። በ1923 ዓ.ም. ደራሲው ኮምፕተን ማኬንዚ ግራሞፎን የሚባለውን መጽሔት በእንግሊዝ አገር ባቋቋመ ጊዜ፣ ባለ ሸክላዎች የሚነጋገሩበት አደባባይ አገኙ። ከ1932 እስከ 1935 ድረስም አርቱር ሽናበል የቤቶቨንን 32 የፒያኖ ሶናታዎች በሸክላ ያስቀረጸው፣ የቤቶቨን ሶናታ ማኅበር በተባለው ኅብረት የገቡ አድማጮች ገንዘባቸውን አስቀድመው እየከፈሉ ነው። በዚያ ዘመን የሸክላው አንድ ፊት የሚይዘው ከ4 ደቂቃ እምብዛም የማይበልጥ ስለ ነበረ፣ አንዱን ሶናታ ሰምቶ ለመጨረስ ሸክላውን እየገለበጡ መለወጥ ግድ ነበረ። አድማጮቹ ግን በዚህ አልሰለቹም፤ ሥራውም በእነርሱ ኅብረት ተፈጽሞ ለኋለኛው ትውልድ ተረፈ። እንግዲህ የአድማጮች ማኅበር መልካም ፍሬ እንዳለው ይህ አንዱ ምስክር ነው።

ይሁን እንጂ ምስጋና ሁለት ዓይነት ነው። ቅኔ ሲቀርብ ያማረ እንደ ሆነ የሚሰማው ሁሉ ይበል! ይላል። ይህ ቃል የተሠራው ለቅኔው ነው። ዳሩ ግን ባለ ቅኔው ስመ ጥር ሲሆን፣ ወይም ባለ ካባ ሲሆን፣ ወይም ደግሞ ሽማግሌና በሽተኛ ሆኖ የሚያሳዝን ሲሆን፣ ሰሙ ከወርቁ ገና ሳይለይ ይበል የሚል ሰው አይጠፋም። ያ ይበል የሰውየው ነው እንጂ የቅኔው አይደለም። ሁለቱ ይበሎች በጆሮ ሲሰሙ አንድ ናቸው፤ ልዩነታቸው የሚታወቀው ፈተና ሲመጣ ብቻ ነው። ለሸክላ ወዳጆችም ይህ ፈተና በ2007 ዓ.ም. መጣባቸው።

ወይዘሮ ጆይስ ሐቶ በ1928 በለንደን የተወለዱ ፒያኖ ተጫዋች ነበሩ። በ1970 የአርኖልድ ባክስን የፒያኖና የኦርኬስትራ ድርሰት አስቀርጸዋልና፣ ጭራሽ ችሎታ አልነበራቸውም ማለት ውሸት ነው። ከዚያ በኋላ ግን መድረኩን ተዉት፤ ካንሰር እንደ ያዛቸውም ተወራ። ብዙ ዘመን ዝም ካሉ በኋላ፣ በእርጅናቸው ወራት፣ ባለቤታቸው ዊልያም ባሪንግተን ኩፕ ኮንሰርት አርቲስት በሚባለው በራሱ ማኅተም፣ በስማቸው ሲዲ ማውጣት ዠመረ። የሲዲውም ቁጥር ከ100 በለጠ። ሞዛርት ቢሉ፣ ቤቶቨን ቢሉ፣ ሾፓን ቢሉ፣ ሊስት ቢሉ ያልነኩት አልነበረም። ሌላው ተጫዋች በዕድሜው ሙሉ የማይጨርሰውን እኒህ በሽተኛ ወይዘሮ በጥቂት ዓመት ፈጸሙት ተባለ። ወሬውን አስቀድመው ያነሡት ሸክላ ወዳጆች ናቸው፤ እኔ የሰማሁትን አንተም ስማ እያሉ አንዱ ለአንዱ ጻፈ። ከእነርሱ አልፎ ወደ ሐያስያን ደረሰና በ2005 አንድ የቦስተን ጋዜጣ በሕይወት ካሉት ከታላላቆቹ ተርታ አስገባቸው። በ2006 ባረፉ ጊዜም የእንግሊዝ ጋዜጦች በብዙ ምስጋና ሸኟቸው።

በፌብሩዋሪ 2007 ዓ.ም. አንድ አድማጭ የሐቶ ተብሎ የወጣውን የሊስትን 12ቱን ታላላቅ ኤትዩዶች የያዘ ሲዲ በኮምፒውተሩ ውስጥ አገባ። ኮምፒውተሩም የተጫዋቹን ስም ሲያወጣ ሐቶ አላለም፤ ላስሎ ሲሞን አለ። ልብ በሉ፤ መሣሪያው ሙዚቃ አያውቅም። ሥራው የየክፍሉን ርዝመት ቆጥሮ ከመዝገብ ጋራ ማስተያየት ብቻ ነው። አድማጩ ነገሩን ለአንድ ሐያሲ አስታወቀ፤ ሐያሲውም ሁለቱን ሲዲዎች ጎን ለጎን አድርጎ ሰማ፤ ግራሞፎን መጽሔትም በድምፅ ባለሙያ አስመረመረ። ከኤትዩዶቹ የሚበዙት የሲሞን ሆነው ተገኙ። በእንግሊዝ አገርም የሾፓንን ማዙርካዎች ብዙ ቀረጻ ሰብስበው ሲያስተያዩ የነበሩ ተመራማሪዎች፣ የሐቶ የተባለው ማዙርካ የኢውጂን ኢንጂች መሆኑን ደርሰውበት ነበረ። የራሕማኒኖቭም ኮንሴርቶ የየፊም ብሮንፍማን ሆኖ ተገኘ። የኦርኬስትራ መሪ ተብሎ የተጻፈው ሬኔ ከለር ግን ስሙም የሕይወት ታሪኩም የተፈጠረ ነበረ። አንዳንዱም ቀረጻ እንዳይታወቅ ፍጥነቱ በመሣሪያ ተለውጦ ነበረ። ባልየው መዠመሪያ ካደ፤ ጥቂት ቀን ቆይቶ የሲሞንን ሲዲ ላወጣው ለስዊድኑ ቢስ ኩባንያ አለቃ በደብዳቤ አመነ። ነገሩን የዠመርሁት ሚስቴ ከሕመሟ የተነሣ የምታሰማውን መቃተት በሌላ ሰው ድምፅ ለመሸፈን ነው፤ እርሷም አታውቅም ነበረ ሲል ጻፈ።

እስከዚህ ታሪኩ ነው፤ ከዚህ በኋላ ፍርዱ ነው። የባልየው ጥፋት የታወቀ ስለ ሆነ ብዙ ቃል አያሻውም። መመርመር የሚገባው የአድማጮቹ ይበል ነው። ላስሎ ሲሞን ያንኑ ኤትዩድ በራሱ ስም ባወጣ ጊዜ ዓለም አልተንጫጫም። ከተወሰዱትም ቀረጻዎች መካከል በባለቤቱ ስም ሳለ ቀዝቃዛ ነው ተብሎ የተነቀፈ፣ በሐቶ ስም ሲመለስ ግን የተመሰገነ ተገኝቶባቸዋል። ድምፁ አልተለወጠም፤ የተለወጠው በክዳኑ ላይ የተጻፈው ስምና ከስሙ ጋራ የመጣው ታሪክ ነው። በቅኔ አንዱ ቃል ሰምና ወርቅ ሆኖ ሁለት ምሥጢር ይይዛል፤ ይህ ግን አንዱ ወርቅ ሁለት ስም የያዘበት ነውና ኅብር ሊባል አይገባውም።

ይስሐቅ በሸመገለ ጊዜ የሆነውን አንባቢ ያስታውሳል። ዓይኑ ፈዝዞ ነበረ፤ እጁ በፍየል ጠጕር ተታለለ፤ ጆሮው ግን ድምፁ የያዕቆብ መሆኑን በትክክል ነግሮት ነበረ። እርሱ ግን ጆሮውን ትቶ እጁን አመነ። የሐቶ አድማጮችም እንዲሁ ናቸው። የሞዛርቱ ጣት የሊስቱ ጣት እንዳልሆነ፣ በአንድ ስም ብዙ ሰው እንደሚጫወት፣ ጆሯቸው ሳይነግራቸው አልቀረም። ነገር ግን የሚዳሰሰውን፣ ይኸውም የሕመሙንና የትዕግሥቱን ታሪክ አመኑ። ይህንም ጆሮ የነገረውን ሳይሰወሩ የተናገሩ ነበሩ፤ አንዲት ሴት ይህን ሁሉ በዚህ ዕድሜ እንዴት ቻለች? ብለው የጠየቁ አልጠፉም። ለእነርሱ የተሰጣቸው መልስ ግን በሽተኛ ታማላችሁን? የሚል ቍጣ ነበረ። ርኅራኄ መልካም ነገር ነው፤ ለሚዛን ግን ድንጋይ ሆኖ አያገለግልም።

እዚህ ላይ አንዱ ተነሥቶ፣ ድምፁ ውብ ከሆነ ምስጋናው ምን ጎደለው? ሰዎቹስ ያመሰገኑት ያማረውን አይደለምን? ይል ይሆናል። ጥያቄው ቀላል አይደለም። እውነት ነው፤ ሲሞንም ኢንጂችም ብሮንፍማንም ምስጋና የሚገባቸው ናቸው፤ ስለዚህ ከምስጋናው እኩሌታው በከንቱ አልወደቀም። ነገር ግን ምስጋና እንደ ብድር ነው፤ ለባለ ገንዘቡ ካልደረሰ አልተከፈለም። በቅኔ ቤት ቅኔ ዘረፈ ማለት ከራሱ ልብ አፍልቆ ተናገረ ማለት ነው፤ ለባለ ቅኔው ከዚህ የሚበልጥ ምስጋና የለም። እዚህ ግን ዘረፋው እንደ ፊደሉ ሆነ። ሌላው ሰው ከልጅነቱ ዠምሮ በየቀኑ ጣቱን እያደከመ ያገኘውን ይበል፣ ያልደከመ ሰው ወሰደው። ያጨበጨቡት ደግሞ ሳያውቁ አስወሰዱት።

ደግሞም ስለ ተጫዋቹ ሕይወት ማወቅ ጥፋት ነው አልልም። ሽናበል በማን ማኅበር ገንዘብ፣ በምን ዓይነት ሸክላ እንዳስቀረጸ ማወቅ ማዳመጡን ያበረታዋል። ታሪክ ወደ ድምፁ የሚያደርስ መንገድ ሲሆን ይጠቅማል፤ በድምፁ ቦታ ሲቀመጥ ግን ያደነቍራል። ሐቶ ስንኳ በእውነት የተጫወቱት አለና፣ በገዛ እጃቸው ለሠሩት ለዚያ ለ1970ው ቀረጻ የሚገባቸውን ክብር ያሳጣቸው ይኸው የተሠራላቸው ታሪክ ነው።

መድኀኒቱም ከዚያው ከልማዱ ውስጥ ነው። ውሸቱን ያሰራጨው መጻጻፍ እንደ ሆነ፣ ውሸቱን ያወጣውም መጻጻፍ ነው። ያ አድማጭ ኮምፒውተሩ ያሳየውን ስም አይቶ ዝም ቢል፣ ሐያሲውም ሁለቱን ጎን ለጎን ባይሰማ፣ ምሥጢሩ እስከ ዛሬ ተቀብሮ ይኖር ነበረ። ማዙርካዎቹን ያጋለጡትም ሰዎች ሌባ ሊይዙ አልተነሡም፤ የአንዱን ድርሰት ብዙ ቀረጻ አስተያይተው ልዩነቱን ሊማሩ ነበረ። ማስተያየት ለመማር ተዠምሮ ለፍርድ ደረሰ።

እንግዲህ ይህን ሰማሁ፣ አማረኝ ብሎ ለወዳጁ የሚጽፍ ሰው ሦስት ነገር ቢጠብቅ ይበሉ አይሰረቅበትም። መዠመሪያ፣ ያማረው ቦታ የት እንደ ሆነ ያመልክት። የቅኔ መምህር ተማሪውን ሰሙ ወዴት ነው፣ ወርቁስ ወዴት ነው? ብሎ እንደሚጠይቀው፣ አድማጭም ግራው እጅ እዚህ ላይ ዝግ አለ፣ ቀኙ እዚህ ላይ ቀደመ ብሎ ቦታውን በጣቱ ያሳይ። ቦታ የሌለው ምስጋና የስም ምስጋና ነው። ሁለተኛ፣ አንዱን ድርሰት ቢያንስ ከሁለት ሰው ይስማ፤ ብቻውን የቆመ ሁሉ ረዥም ይመስላልና። ሦስተኛ፣ ቢቻለው ስሙን ሳያይ ይስማ፤ ባይቻለው ግን ስሙን ካየ በኋላ፣ ይህ ያልታወቀ ሰው ሥራ ቢሆን ይህን እጽፍ ነበርን? ብሎ ራሱን ይጠይቅ።

ይህ ሥርዓት በሸክላ ብቻ የሚቀር አይደለም። የመጽሐፍ ሐያሲም፣ የሥዕል ተመልካችም፣ ቅኔ የሚሰማም ሁሉ በዚሁ ሚዛን ላይ ነው። ስም አይቶ ይበል ያለ ሰው፣ ስሙ ሐሰት ሆኖ በተገኘ ቀን ምስጋናውን የሚያሳርፍበት ያጣል። ድምፁን ሰምቶ ቦታውን ያመለከተ ሰው ግን፣ በክዳኑ ላይ ያለው ስም ቢፋቅና ሌላ ስም ቢጻፍበት፣ ባለቤቱ በታወቀ ጊዜ ይበሉ ሳይጎድል ለባለ ዋጋው ይደርስለታል።